ተገርፈን ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን?

አማርኛ ውስጥ መልስ የማይጠበቅባቸው ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ከነሱ አንዱን በኛ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ ምናልባትም ራሱ ብሎታል፦ «ተገርፈን ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን?»

የሚመጣበት ሰዓት ይታወቃል። ቡና ላይ ስለ ልጅ አስተዳደግ ይነሳል። አንዷ «እኔ ልጄን አልመታም» ትላለች። ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ አንድ ታላቅ ሰው፣ ወይም ታላቅ መስሎ መታየት የፈለገ ታናሽ፣ ጥያቄውን ይወረውራል። ሳቅ ይከተላል፤ ጨዋታው ወደ ትዝታ ይዞራል። አርጩሜ፣ ኩርኩም፣ ቁንጥጫ፣ ቀበቶ፣ በርበሬ መታጠን፣ ጠጠር ላይ መንበርከክ፣ የዩኒት ሊደሩ ጎማ። ሁሉም የራሱን ያወራል፤ የባሰ የተመታው የበለጠ ያስቃል። ቲክቶክ ላይም ያው ነው። ነጠላ ጫማዋን አነጣጥራ የምትወረውረው የሐበሻ እናት ቀልድ መቼም አያረጅም።

እኔም እስቃለሁ። ከሳቁ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከጥያቄው ጋር ነው፤ ምክንያቱም ገና ላልተወለዱ ልጆች ሳይቀር ፍርድ የሚሰጠው በሱ ነው። እስቲ ለአንድ ጊዜ እንኳ የምር ጥያቄ ነው ብለን እንመልሰው።

ምስክሩ ማነው?

«ምን ሆንን?» የሚል ሰው ለምስክርነት ያቀረበው ራሱን ነው። ይኸው እኔ፤ ተገርፌ አደግኩ፣ ሥራ አለኝ፣ ሰው አከብራለሁ፣ እስር ቤት አልገባሁም። ችግሩ ምስክሩ ብቻውን መምጣቱ ነው። ዱላ ሸሽቶ ከገጠር ከተማ የገባውና ጎዳና ላይ የቀረው ልጅ ቡናው ላይ የለም። የመምህሩን ዱላ ፈርቶ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠውም የለም። ደግሞ እዚያው አጠገባችን ተቀምጣ፣ ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር እስከ ዛሬ ምላሷ የሚተሳሰር ሴት ልትኖር ትችላለች። እሷም ከሌላው ጋር ትስቃለች።

ምስክሩ ስለ ራሱም ቢሆን የሚያውቀው ግማሹን ነው። ሳይገረፍ ያደገውን ሌላኛውን እሱን አይቶት አያውቅም። ስለዚህ ሰው የሆነው በዱላው ምክንያት ይሁን ዱላው እያለበት፣ ከራሱ ሕይወት ብቻ ተነስቶ ሊነግረን አይችልም። የኩፍኝ ክትባት ሳይመጣ በፊት አብዛኛው ልጅ ኩፍኝ ይዞት ድኗል። «ኩፍኝ ያሳደገኝ ነኝ» የሚል ሰው ግን አጋጥሞን አያውቅም። የዳነ ሰው በሽታውን ችሎ አለፈ እንጂ በሽታው አላሳደገውም። ዱላን ለብቻው ከዚህ ሕግ የምናወጣው ለምንድነው?

ጥናት የሚያስፈልገው ይሄን ለመለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤልዛቤት ገርሾፍ እና አንድሪው ግሮጋን-ኬይለር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪዎች በ50 ዓመት ውስጥ የተሠሩ፣ በድምሩ ከ160,000 በላይ ልጆችን ያካተቱ ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። ትኩረታቸው አጥንት በሚሰብረው ድብደባ ላይ አልነበረም፤ ብዙ ወላጅ «ቀላል» የሚለውን፣ በመዳፍ ቂጥ ላይ መምታትን ነበር ያዩት። ልጆችን የተሻለ ታዛዥ እንዳደረገ የሚያሳይ ነገር አላገኙም። ከጠበኝነት፣ ከአእምሮ ጤና ችግርና ከወላጅ ጋር ከሚኖር ግንኙነት መሻከር ጋር ግን አብሮ ሲሄድ አገኙት። እርግጥ አብሮ መሄድ ብቻውን ምክንያት መሆንን አያረጋግጥም፤ አስቸጋሪ ልጅ ከሌላው ይልቅ ሊመታ ይችላልና። ቢሆንም «ዱላ ሰው ያደርጋል» የሚለው ወገን ማስረጃ የማምጣት ተራው የራሱ ነው። እስካሁን ያመጣው ቡና ላይ ያለውን ምስክር ነው።

የእናት ነገር

ግን እውነቱን ከተነጋገርን፣ በዚህ ርዕስ ላይ በጥናት ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ጥቂት ነው። «ምን ሆንን?» ስንል የምናወራው ስለ ዱላው ሳይሆን ስለ እናታችን ነውና። «ልጅ መምታት ጥፋት ነው» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው «እናትህ ጥፋተኛ ናት» የሚለውን ነው። ያቺ እናት ደግሞ ሌሊት ተነስታ እንጀራ ጋግራ፣ ሸጣ ያስተማረችን ናት። እኛን አብልታ «እኔ ጠግቤያለሁ» ብላ የተኛች ናት። ማንም መጥቶ በሰው አገር ቃል «ጥቃት ፈጻሚ» ሲላት ደማችን ይፈላል። ይፍላ፤ ትክክል ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር ተቀላቅሎብናል፦ ውለታና ማስረጃ። ያጎረሰችን እጇ ናት፤ የመታችንም ያቺው እጇ ናት። ለጉርሻው ያለብን ውለታ ምቱን ትክክል አያደርገውም፤ ምቱ ስህተት መሆኑም ከጉርሻው ላይ አንዲት ፍርፋሪ አይቀንስም። ብዙዎቻችንን እናቶቻችን የወለዱን እቤት ውስጥ፣ ያለ ሐኪም፣ ከሞት ጋር እየታገሉ ነው። እኛ ደግሞ እህታችን ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት እንወስዳታለን። ይሄን ስናደርግ እናታችንን የሰደብን የሚመስለው ሰው የለም። እሷ ራሷ ናት ቀድማ ላዳ የምትጠራው።

ድርጊትን መኮነንና ሰውን መኮነን አንድ አይደሉም። አንዲት ሴት በአንዲት ክፍል ውስጥ አራት ልጅ ይዛ፣ ባሏ ርቆ፣ አያት የለ፣ መዋዕለ ሕፃናት የለ፣ የቤት ኪራይ ደርሶባት፣ ራሷም በአርጩሜ ያደገች ሆና የምታውቀውን አድርጋለች። ሌላ መንገድ ማን አሳያት? እዚህ ላይ ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም፤ ብቻዋን የተዋትም ማኅበረሰብ ድርሻ አለው። ልጁ ግን ያኔም ልጅ ነበር፤ ሕመሙም ያኔም ሕመም ነበር። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ አዋቂ መሆን ማለት ምናልባት ይሄ ነው።

«መጠነኛ» የሚባለው

«እሺ፣ እንደ እባብ መቀጥቀጥ ልክ አይደለም፤ ግን ትንሽ፣ በመጠኑ፣ ለትምህርት ያህል…» ብዙ አስተዋይ ሰው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። የዚህችን «በመጠኑ» የምትል ቃል ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1860 በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ኢስትቦርን ቶማስ ሆፕሊ የሚባል መምህር ነበር። ሬጂናልድ ካንስለር የተባለ የ15 ዓመት ተማሪ ትምህርት አልገባህ አለው። መምህሩ ልጁ የገባው እልህ ነው ብሎ ስላመነ፣ በምት ሊያስተካክለው እንዲፈቀድለት ለአባትየው ደብዳቤ ጻፈ፤ አባትየውም ፈቀዱ። አንድ ሌሊት በዱላና በገመድ ለረጅም ሰዓት ደበደበው። ጠዋት ልጁ ሞቶ ተገኘ። አስከሬኑ እጁ በጓንት፣ እግሩ በረጅም ካልሲ ተሸፍኖ ነበር፤ ጥርጣሬ ገብቶት ነገሩ እንዲመረመር ያደረገው ወንድሙ ነው።

ሆፕሊ ሰው በመግደል ተፈርዶበት አራት ዓመት ታሰረ። ዳኛው ግን ጥፋተኛ ሲሉት አንድ መርህ አስቀመጡ፦ ወላጅ፣ ወይም ወላጅ የወከለው መምህር፣ ልጅን ለማረም «መጠነኛና ምክንያታዊ» የሆነ የአካል ቅጣት መስጠት ይችላል፤ የሆፕሊ ጥፋት ከመጠኑ ማለፉ ነው። ይሄ መርህ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በኩል ብዙ አገር ደረሰ። ልጅን የመምታት «ምክንያታዊ መብት» በጉልህ የተጻፈው በአንድ የሞተ ልጅ መዝገብ ላይ ነው ማለት ነው።

ለኛም እንግዳ አይደለም። ልጁን ለየኔታ ወይም ለአስተማሪ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ አደራ» የሚል አባት ነበረን። አባትየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዓይኑን ማንሳቱ ራሱ መውደዱን ያሳያል። የአደራው ወሰን ግን የት ላይ እንደተሰመረ እዩት። ከዓይን በመለስ ያለው ሁሉ ተፈቅዷል።

የ«መጠነኛ» ችግር መለኪያው ያለው በመቺው እጅ መሆኑ ነው። መቺው ደግሞ በዚያች ሰዓት የተቆጣ ሰው ነው። በርበሬ ያጠነ ሁሉ «ትንሽ ነው ያጤስኩት» ነው የሚለው። ሦስት ኪሎ የሚመዝነውን እጅ የሚያርፍበት አሥራ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ሰውነት ስለ መጠኑ አስተያየት ቢጠየቅ መልሱ የተለየ ይሆን ነበር። እሱን ግን የጠየቀው የለም።

ሌባ፣ ተማሪ፣ ልጅ

አሁን ወደ ሕግ እንምጣ፤ እንቆቅልሹ እዚህ ነው የሚጎላው።

በንጉሡ ዘመን ፍርድ ቤት አንድ ወንጀለኛ እንዲገረፍ መወሰን ይችል ነበር። ዛሬ አይችልም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግርፋት የሚባል ቅጣት አያውቅም። ሌባ ቢሰርቅ፣ ነፍሰ ገዳይ ቢገድል ይታሰራል እንጂ መንግሥት አርጩሜ አያነሳበትም። ሰው ነዋ፤ ክብር አለው።

ተማሪውስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። በክፍል ውስጥ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት አገሮች ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት የስምንት ዓመት ልጆችን ጠይቆ ነበር። ከኢትዮጵያውያኑ ውስጥ 38 ከመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ ብቻ በመምህር መመታታቸውን ተናገሩ። ሕገ መንግሥቱ ያኔ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቤቱ ሲገባስ? አንቀጽ 36 ደጃፉ ላይ ይቆማል። የወንጀል ሕጉ ልጅን ማንገላታትን ይከለክላል፤ ሕግ ያልተላለፈ ተገቢ እርምትን ግን ከክልከላው ያወጣል። የቤተሰብ ሕጉም ለአሳዳጊ የማረም ሥልጣን ይሰጣል። «ተገቢ» እና «አስፈላጊ» የሚሉት ቃላት የሆፕሊ ዳኛ «መጠነኛ» የአክስት ልጆች ናቸው።

ይሄ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ጄምስ ኢንግራም የሚባል የፍሎሪዳ ተማሪ መምህር ሲያዘው ቶሎ አልታዘዘም ተብሎ፣ ሁለት ሰዎች ይዘውት በጣውላ ከ20 ጊዜ በላይ ተመታ። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1977 ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ጭካኔ የተሞላበትን ቅጣት የሚከለክለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተጻፈው ለወንጀለኞች ነው፤ ተማሪን አይመለከትም አለ። እስረኛን የሚጠብቅ አንቀጽ የ14 ዓመት ተማሪን አልጠበቀም። ዛሬም ከአሥር በሚበልጡ የአሜሪካ ግዛቶች በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅን መምታት በሕግ አልተከለከለም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ነው። ሚስትን መምታት፣ አሽከርን መምታት፣ ወታደርን መግረፍ፣ እስረኛን መግረፍ፤ እነዚህ ሁሉ በየዘመናቸው «ለትምህርቱ ነው» ተብለዋል። አንድ በአንድ ከተፈቀደው ዝርዝር ወጥተዋል። ዝርዝሩ ላይ የቀረው ትንሹ፣ ደካማው፣ መሸሻ የሌለው ሰው ነው። ከሁሉ የበለጠ ጥበቃ የሚያስፈልገው ከሁሉ ያነሰ ጥበቃ የሚያገኝበት ምክንያት ምንድነው?

የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ልጅ ገና አእምሮው አልበሰለም፤ በቃል አይገባውም።» እሺ፣ እንቀበለው። ቃል ካልገባው የምቱስ ምክንያት በምን ይገባዋል? «ይሄ የሚያመኝ ትናንት ስለዋሸሁ ነው፤ ውሸት ደግሞ መተማመንን ስለሚያፈርስ ነው» ብሎ ከሕመም ወደ ምክንያት መሄድ ከቃል የበለጠ መብሰል ይጠይቃል። ይሄን መረዳት የሚችል ልጅ ደግሞ ቃሉ ራሱ ይበቃዋል። በመሃል የሚቀረው ትምህርት አንድ ነው፦ ትልቅ ሰው ሲቆጣ ይመታል። ይሄን ልጆች ወዲያው ይማሩታል፤ በማግስቱ ታናሽ ወንድማቸው ላይ ይለማመዱታል።

«አስፋልት ላይ ሊሮጥ ሲል ልተወው?» የሚል ሰው አለ። አይተውም። እጁን ይዞ መጎተት፣ ከእሳት ነጥቆ ማውጣት፣ ስለት መቀማት መጠበቅ እንጂ መቅጣት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ኮሚቴም ይሄንኑ ልዩነት በጽሑፍ አስቀምጦታል። ጥያቄው ልጁ ከአስፋልቱ ከወጣ በኋላ ባለችው ደቂቃ የሚሆነው ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ደግሞ የመብት ጥያቄ ነው። ነገ አንድ ጥናት ወጥቶ «ምት ውጤታማ ነው» ቢለንስ? የሥራ ባልደረባህን በጥፊ ብትመታው ሪፖርቱን በሰዓቱ ሊያስረክብ ይችላል። ውጤቱ ያምራል፤ ግን እንደዚያ አናደርግም፤ ባልደረባህ ሰው ነዋ። መብት ማለት ይሄ ነው። አንድ ሰው ጠቃሚ ሆኖ ስለ ተገኘ የሚሰጠው ሽልማት አይደለም። ልጅም ነገ የሚሆነውን እያሰብን በመጠባበቂያ የምንይዘው ሰው አይደለም። ዛሬ፣ በሦስት ዓመቱ፣ ንፍጡ እየወረደ፣ ሙሉ ሰው ነው።

የፈረንጅ ነገር?

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለውን ጠብቄው ነበር። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ስልክ ላይ «እዚህማ ልጁ 911 ይደውልብሃል» እያሉ ሲያወሩ፣ ነገሩ ከኤርፖርት ወዲያ ያለ የፈረንጅ ሕግ ይመስላል። ከላይ እንዳየነው ግን አሜሪካ በዚህ ጉዳይ ምሳሌ የምትሆን አገር አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ካላጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት አባላት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ኢትዮጵያ በ1991 ተቀብላዋለች።

ፈረንጅም ቢሆን ልጁን ሲገርፍ ነው የኖረው። የልጆች ደራሲዋ አስትሪድ ሊንድግሬን፣ የፒፒ ፈጣሪ፣ በ1978 ጀርመን ውስጥ የሰላም ሽልማት ስትቀበል የተናገረችው ታሪክ አለ። አንዲት ወጣት እናት ልጇ አጥፍቶ በአርጩሜ ልትመታው ፈለገች። ራሱ ሄዶ አርጩሜውን እንዲያመጣ አዘዘችው። (ይሄ ትእዛዝ ለኛ ሰው አዲስ አይደለም።) ልጁ ቆይቶ እያለቀሰ ተመለሰ። አርጩሜ እንዳጣ፣ ግን የምትወረውርበት ድንጋይ እንዳመጣላት ነገራት። እናትየው ያኔ ነገሩን በልጁ ዓይን አየችው፦ ዋናው እኔን ማሳመሟ ከሆነ ድንጋይም ያው ነው። አቅፋው አለቀሰች፤ ድንጋዩንም ማስታወሻ እንዲሆናት ኩሽናዋ ውስጥ አስቀመጠችው። አዘጋጆቹ ንግግሩን አስቀድመው አይተው ሽልማቱን ብቻ ተቀብላ እንድትሄድ ጠይቀዋት ነበር። ካልተናገርኩ አልመጣም አለች።

በዓመቱ፣ በ1979፣ ስዊድን ወላጅን ጨምሮ ማንም ልጅን እንዳይመታ በሕግ በመከልከል በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። አከልካዩ አንቀጽ የራሱ የእስር ቅጣት አልነበረውም። በምትኩ መንግሥት ለወላጆች መጽሔት አዘጋጅቶ በየቤቱ ላከ፤ በስደተኞች ቋንቋም አስተረጎመው። መልእክቱን የወተት ካርቶን ላይ አተመው፤ ቤተሰብ ቁርስ ላይ ተሰብስቦ እንዲያነበውና እንዲያወራበት። ሐሳቡ እናቶችን መክሰስ አልነበረም፤ አንድ አገር ስለ ልጅ ያለውን አመለካከት መቀየር ነበር። ዛሬ ከ60 በላይ አገሮች ተከትለዋል።

ከነዚህ ውስጥ አፍሪካውያን አሉበት። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በ2011 ሕገ መንግሥቷ ልጅ «በወላጆቹ ጭምር» የአካል ቅጣት እንዳይደርስበት ደነገገች፤ የኛ አንቀጽ የቆመበትን ደጃፍ ተሻግራ ገባች። ኬንያ በ2010 ከልክላለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ አንድ አባት የ13 ዓመት ልጁን ደብድቦ ተከሰሰና ክርክሩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሄደ። አንድ የሃይማኖት ነፃነት ተሟጋች ድርጅት ልጅን በበትር ማረም የእምነታችን ክፍል ነው ብሎ ተከራከረ። በ2019 ፍርዱን የጻፉት ዋና ዳኛ ሞጎዬንግ ሞጎዬንግ ነበሩ፤ ራሳቸው ሰባኪ የሆኑ አማኝ ሰው። ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ «መጠነኛና ምክንያታዊ ቅጣት» የሚለውን መከላከያ ሻረው። ልብ በሉ፤ ያ መከላከያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የገባው ከእንግሊዝ ሕግ ነበር። የፈረንጅ ነገር የተባለው ክልከላው ነው፤ በመርከብ የመጣው ግን ፈቃዱ ነበር።

አዲስ አበባም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር የጸደቀው በ1990 እዚሁ ነው። ቻርተሩ ልጅ ወላጆቹንና ታላላቆቹን የማክበር ግዴታ እንዳለበት በግልጽ ይናገራል፤ አፍሪካዊነቱ እዚህ ላይ ይታያል። በዚያው ሰነድ ላይ ደግሞ ወላጅ በቤቱ የሚሰጠው ቅጣት ሰብአዊነት ያለውና የልጁን ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል። የጻፉት ሰዎች መከባበርን በሁለት በኩል የሚሄድ አድርገው ነው ያዩት።

ከዱላው በኋላ

«እሺ፤ ዱላው ይቅር። ምን ይተካው?» ይሄ የምር ጥያቄ ነው። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል የሚለው ተረት ውስጥ እውነት አለ፤ ወሰን የማያውቅ ልጅ ለራሱም አይሆንም። ዱላን መተው ልጅን መልቀቅ አይደለም።

ያኑሽ ኮርቻክ የሚባል ፖላንዳዊ አይሁዳዊ ሐኪም ነበር። ዋርሶ ውስጥ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ይመራ ነበር። እዚያ ቤት ዱላ አልነበረም፤ ፍርድ ቤት ግን ነበር። ዳኞቹ ልጆች ናቸው። ማንም ልጅ ማንንም መክሰስ ይችላል፦ ጓደኛውን፣ ሞግዚቱን፣ ኮርቻክን ራሱን። ኮርቻክ ከአንድ ጊዜ በላይ ተከሶ በልጆቹ ፊት ቀርቧል። የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዎቹ 99 አንቀጾች ይቅር የሚሉ ወይም ክሱን የሚዘጉ ነበሩ። ጥፋትህ በግልጽ ይነገርሃል፤ በስምህ ይነበባል፤ ከዚያ ዕድል ይሰጥሃል።

ኮርቻክ ልጆችን እንደ መላእክት አልቆጠረም። ልጅ እንደሚዋሽ፣ እንደሚሰርቅ፣ እንደሚማታ ያውቃል። ያደረገው ጥፋት ሲፈጸም ሁሉም ሰው፣ ትልቁም ትንሹም፣ ለአንድ ሕግ እንዲቆም ነው። በነሐሴ 1942 ናዚዎች ወደ 200 የሚጠጉ ልጆቹን ወደ ትሬብሊንካ ሲወስዷቸው ራሱን ማዳን የሚችልበት ዕድል ነበረው። አብሯቸው ሄደ፤ አብሯቸው ሞተ። ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እንዲጻፍ ሐሳብ ያቀረበችው አገሩ ፖላንድ ናት።

እኛ የራሳችን ፍርድ ቤት መፍጠር አያስፈልገንም። ሽምግልና ያለን ሰዎች ነን። ሁለት ሰው ሲጣላ አስቀምጠን እናነጋግራለን፤ የበደለ ይክሳል፤ ይቅር ለእግዜር ይባላል። ይሄን ሁሉ ጥበብ ለአዋቂ አውለነዋል፤ ከልጅ ጋር ስንደርስ ብቻ አርጩሜ እንፈልጋለን። ልጅ ሽማግሌ ተልኮለት አያውቅም። ከልጅ ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ ክብር የሚቀንስ ይመስለናል። ግን አባቱ አጥፍቶ «ይቅርታ፤ ተሳስቻለሁ» ሲለው የሰማ ልጅ፣ ይቅርታ ምን እንደሚመስል ሌላ ማን ያስተምረዋል?

ከባዱ ሰዓት ሐሳብ የምንለዋወጥበት ሰዓት አይደለም። ከባዱ ማታ አንድ ሰዓት ነው፤ ከሥራ መጥተህ፣ ታክሲ ሰልፍ አድክሞህ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ልጅቷ ወተቱን ምንጣፉ ላይ ስትደፋው። እጅ በራሱ ይነሳል፤ ሃያ ዓመት የሰለጠነ እጅ ነው። ያኔ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ወደ በረንዳ መውጣት። «አሁን ተቆጥቻለሁ፤ ቆይቼ እመጣለሁ» ማለት። ተመልሶ ገብቶ ጨርቁን ለሷ መስጠትና አብሮ መጥረግ። ወተቱ ፈሷል፣ ይጸዳል፣ ነገ ቀስ ትያለሽ።

ለዚህ ሁሉ ሁለት ሰው ቢኖር ይቀላል። ስለዚህ ጎረቤቷ ከልጅ ጋር ስትጮህ የሰማ ሰው ግድግዳውን ከሚደበድብ፣ ወይም ቪዲዮ ከሚቀርጽ፣ አንኳኩቶ «ልጁን ትንሽ ልያዝልሽ፤ አንቺ አረፍ በይ» ቢል ብዙ ሕግ ከሚሠራው በላይ ይሠራል። ሕጉም ይምጣ፤ የአንቀጽ 36 ጥበቃ የቤቱን ደጃፍ ይሻገር። ሕጉ እስኪመጣ ግን በሩን ማንኳኳት የማንንም ፊርማ አይጠብቅም።